የጨፌ ብር

ሆሳዕና ውስጥ ስምንት አልጋ ያላት ፔንሲዮን አለችኝ። ዱራሜ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ባለቤቴ ትቶልኝ ያለፈውን ግቢ ከፋፍዬ ነው የሠራኋት። ከመምህርነት የተረፈኝ ልማድ አለ፤ እንግዶቼን በር ላይ ቆሜ እቀበላለሁ፣ አርፍዶ የመጣውንም እንደ ተማሪ እገላምጣለሁ። ደንበኞቼ ለምደውኛል። ላልለመደኝ ደግሞ ከተማው ውስጥ ሌላ አልጋ ሞልቷል።

በእኔ ቤት ማን እንደሚያድር አስቀድሜ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ለቅሶ ሊደርስ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ያድራል። ሆስፒታል የተኛ አባቱን የሚያስታምም የሀቢቾ ገበሬ ያድራል። ከሾኔ በርበሬ ጭኖ መጥቶ የመሸበት ነጋዴ፣ ለስልጠና ተጠርቶ አበሉን ሳይነካ መመለስ የሚፈልግ የወረዳ ሠራተኛ፣ ለመስቀል መጥቶ የቤተሰቡ ቤት የጠበበው ልጅ ያድራል። ከእነዚህ አንዱንም "ምን ልታይ መጣህ?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ወደ እኛ አገር የሚመጣ ሰው፣ ሰው ብሎ ነው የሚመጣው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግን፣ ጥር ላይ፣ አንድ የአዲስ አበባ ሐኪም መጣ። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ጡረታው የተቃረበ ሰው ነው። ለቅሶ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ አይደለም አለኝ። ታማሚ ሊጠይቅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አይደለም።

"ወፍ ለማየት ነው" አለኝ።

እሱ ራሱ ሐኪም ባይሆን ኖሮ ሐኪም ቤት እጠቁመው ነበር።

ማየት የፈለገው ቦዮ ላይ ያሉትን ነው። ቦዮ ከሆሳዕና ቁልቁል ተወርዶ ሻሾጎ ውስጥ የሚገኝ ሰፊ ረግረግ ነው፤ ክረምት ሐይቅ ይሆናል፣ በጋ ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩ ላይ ለምለም ጨፌ ይቀራል። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው እዚያ ዳር ነው፤ ከበቆሎ ማሳው ቀጥሎ ያለው ጨፌም የእሱ ይዞታ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ወደ ወንድሜ ላክሁት። አስቀድሜ ልነግረው ደወልኩ፤ ኔትዎርክ አልነበረም፤ እኔም ተውኩት።

እኛ አገር ባለ ሦስት እግር መነጽር ተሸክሞ እርሻ ዳር የሚቆም ሰው አንድ ብቻ ነው፤ መሬት ለኪ። መሬት ለኪ ከመጣ ደግሞ ወይ መንገድ ያልፍብሃል፣ ወይ ይዞታህ ለሌላ ይሰጣል። ወንድሜ ሐኪሙ መነጽሩን ሲተክል ከሩቅ አየና፣ መጥቶ ከመነጽሩ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ሐኪሙ መነጽሩን ወደ ግራ ሲያዞር ተነሥቶ በግራ ተቀመጠ፤ ወደ ቀኝ ሲያዞር በቀኝ።

"አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ፤ ወፎቹን ጋረዷቸው" አለ ሐኪሙ።

"ወፍ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚለካው?" አለው ወንድሜ።

ከዚህ ጣጣ ያወጣቻቸው የወንድሜ ልጅ ናት። በተፈጥሮ ሀብት ከኮሌጅ ዲፕሎማ ይዛ፣ ሥራ ስታጣ አባቷ ቤት የተመለሰች ልጅ ናት። መነጽሩን አይታ ሳቀች፤ ከዚያ አባቷን ክንዱን ይዛ አስነሣችውና ዓይኑን መስታወቱ ላይ አስደገፈችው። ጨፌው ላይ በየበጋው የሚመጡ ረጃጅም ግራጫ ወፎች አሉ። ከአገጫቸው ሥር ነጭ ሎቲ የመሰለ ነገር ይንጠለጠላል፤ ጭቃውን ሊቆፍሩ ሲያጎነብሱ ይወዛወዛል። እኔ ባለሎቲዎቹ እላቸዋለሁ። ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ከበቆሎው ሲያባርራቸው ኖሯል፤ ሎቲያቸውን ያየው ግን በዚያን ቀን ነው። ዓይኑን ከመነጽሩ አላነሣም ብሎ አስቸገረ። ሲያነሣም "ሁሉም ሴቶች ናቸው እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙን ቤቱ አስገብቶ ወተትና ቆጮ አቀረበለት። እንግዳው ሊሄድ ሲል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ያን ጊዜ ወንድሜ የእውነቱን ተቆጣ። "ቅድም መሬቴን ልትወስድ መስሎኝ ጠላሁህ፤ አሁን ደግሞ በቤቴ ልትሰድበኝ ነው?" አለው። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቆጣ ነበር።

እራት ላይ ሐኪሙ ስለ ዞረባቸው አገሮች አወራልኝ። እንስሳና ወፍ ሊታይ በሚኬድባቸው ቦታዎች፣ እንግዳው ባደረበት አልጋ ላይ ትንሽ ገንዘብ ይጨመርበታል፤ ያ ገንዘብ ጫካውንና ውሃውን ለሚጠብቁ ሰዎች ይሄዳል አለኝ። እንግዳው ሳይሰማው ይከፍላል፣ ገበሬውም ሳይጎዳ ዱሩ ይቆያል። እኔ ስለ ወፉ ብዙም አልተደነቅሁም። የተደነቅሁት ስለ ልጅቷ ስላሰብኩ ነው።

ልጅቷ ልትሄድ ነበር። ደላላው አባቷ ቤት መመላለስ ጀምሮ ነበር፤ ፓስፖርቷም ወጥቷል። የዚህ አገር ወንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ ሴቱ ዓረብ አገር ነው፤ ዲፕሎማ ማንንም አያስቀርም። ወንድሜ እንዳትሄድ የሚሰጣት ነገር አልነበረውም። በቆሎውን ጉማሬ ሌሊት ሌሊት ከውሃ እየወጣ ይግጥበታል፤ የቀረው ጨፌው ነው። ቦይ ቆፍሮ፣ ውሃውን አስወጥቶ፣ ጨፌውን አርሶ ለእሷ ሊሰጣት አስቦ ነበር። እሷ ደግሞ ከታረሰ ባለሎቲዎቹ የሚያርፉበት የለም ብላ አልፈልግም አለች። አባትና ልጅ በአንድ ቤት በዚህ ተኳርፈው ነበር።

ሐኪሙ በሄደ በሳምንቱ ነገሩን ለሆቴል ባለቤቶች ሰብሳቢ ነገርኩት። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ትልቁ ሆቴል የእሱ ነው። አባቱ በሹመት ከሸዋ የመጡ ሰው ነበሩ፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ አድጎ፣ የሀዲያን ተረት ከእኔ በላይ ያውቃል። ነገር ሲጥመው ጉልበቱን በመዳፉ ይመታል። ያን ቀን ጉልበቱ ሲመታ ዋለ።

"ቲቸር፣ ይኼማ ከተማውን የሚቀይር ነገር ነው!" አለኝ።

አብረን ወደ ወንድሜ ወረድን። ጨፌውን እንዳያርስ፣ በምትኩም ከተማው ውስጥ ካለው አልጋ ሁሉ በሚሰበሰበው ገንዘብ ልጁ የጨፌው ጠባቂና አስጎብኚ ሆና በደመወዝ እንድትቀጠር ተነጋገርን። ከወንድሜ ጋር የምንነጋገረው በሀዲይኛ ነው፤ ያን ዕለት ግን ሰብሳቢው ራሱ በሀዲይኛ አስረዳው። ወንድሜ ብዙ አሰበ። "ልጄ የምትቀር ከሆነ ጨፌው እንዳለ ይቅር" አለ በመጨረሻ፤ ወደ እኔ ዞሮም "አንቺ ካልሽ ነው" አለኝ። እኔም አዎ አልኩ።

ስብሰባው የተጠራው በሰብሳቢው ሆቴል አዳራሽ ነው። የሆሳዕና የሆቴልና የፔንሲዮን ባለቤት በሙሉ መጣ ማለት ይቻላል። ሰብሳቢው ተነሥቶ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብሎ ጀመረ፤ በአንድ አልጋ በአንድ ሌሊት የሁለት ሻይ ዋጋ ብቻ እንጨምር አለ። ተጨበጨበ። ድምፅ ተሰጠ፤ የተቃወመ አንድም ሰው አልነበረም። ስሙንም እዚያው "የጨፌ ብር" አልነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር በጣም አማረ።

ከዚያ አንዲት ከኋላ የተቀመጠች ሴት እጇን አወጣች። "ለቅሶ ደራሽስ?" አለች። አዳራሹ በአንድ አፍ "ኧረ በስማም!" አለ። ሰው ሞቶበት የመጣን ሰው ለወፍ ክፈል ማለት ይቻላል እንዴ? ለቅሶ ደራሽ እንዳይከፍል ተባለ። አስታማሚም እንዳይከፍል ተባለ፤ ይህን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬም ቢሆን አነሣዋለሁ። ሙሽራ ሊወስድ የመጣ ሚዜ ለስሙ እንኳ እንዳይጠየቅ አንዱ አሳሰበ፤ ሠርግ በክፍያ ይጀመራል ወይ አለ። ለጸሎት ጉባኤ የሚመጡትን የእግዚአብሔር እንግዶች ናቸው አልን። የሾኔና የዱራሜ ነጋዴዎች ደንበኞች ስለሆኑ ይቀየሙናል ተባለ። የስልጠናዎቹ ሰዎች ደረሰኛቸው ላይ ያልታወቀ ነገር ከገባ መሥሪያ ቤታቸው ይመልስባቸዋል፣ እነሱን ማስጨነቅ ነውር ነው ተባለ። ለያሆዴ፣ ማለት ለሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ከየአገሩ የሚመጡት ደግሞ ጭራሽ አልተከራከርንባቸውም፤ የገዛ ልጁን የሚያስከፍል ማን አለ?

ሁሉም የራሱን እንግዳ እያሰበ፣ ከጎረቤቱ ያነሰ ቸር እንዳይባል እየተሽቀዳደመ ነበር። ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ "እንግዲህ ቱሪስት ይከፍላል!" ብሎ ጉልበቱን መታ። በጣም ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ሥራው በዚያው ሳምንት ተጀመረ። ከሁሉ አስቀድሞ የደረሰው ልብሱ ነው። ሰብሳቢው ከራሱ አውጥቶ ለልጅቷ ካኪ ካፖርትና ባለ ጥላ ባርኔጣ አሰፋላት፤ ካፖርቱ በሁለት ቁጥር ይበልጣት ስለነበር እጅጌውን አጥፋ ነበር የምትለብሰው። እሷ ግን ደመወዝ አልጠበቀችም። ጠዋት ጠዋት የጨፌውን ዳር ትዞራለች፤ ወፎቹ ያረፉበት ላይ ከብት ሲነዳ ታስመልሳለች፤ መረብ የሚጥሉትን ጎረምሶች ትከራከራለች። ጉማሬው የሚወጣበትን ቦታ አይታ፣ አባቷ የበቆሎውን አጥር ወደዚያ በኩል እንዲያጠነክረው አደረገች። ለእኔ ስትደውል የምታወራው ስለ ወፍ ብቻ ነበር። እኔም ባለሎቲዎቹን ጥቂት መውደድ ጀመርኩ፤ ከእሷ አፍ ስለምሰማ ይመስለኛል።

ክረምት ገባ። ወፎቹ ሄዱ፣ ውሃው ሞላ። የጨፌ ብር ተሰብስቦ የመጀመሪያው ደመወዝ ይሰጥ ተብሎ ስንገናኝ፣ ከከተማው ሆቴሎች በሙሉ የመጣው ገንዘብ በዚያን ዕለት ስብሰባ ላይ የጠጣነውን ለስላሳ እንኳ የሚሸፍን አልነበረም። የከፈሉት መንገድ ተሳስተው ያደሩ ሁለት ነጮችና፣ ነገሩን በስልክ ነግሬው ከአዲስ አበባ የላከው ያው ሐኪም ናቸው። አልጋዎቹ ግን ሞልተው ነው የከረሙት፤ የእኔን ቤት ስለማውቅ እናገራለሁ። ሰብሳቢው "ሲጀመር እንዲህ ነው፤ ቱሪስቱ ገና አልሰማም" አለ። ሌሎቹም ትዕግሥት ያስፈልጋል አሉ። ስለ ካፖርቱ ማማር ትንሽ ተወራና ተበተንን።

ወንድሜ ሐምሌ ላይ መጣ። ዝናብ አብስብሶት፣ ሪሴፕሽኑ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ" አለኝ፤ ይህችን በአማርኛ ነው ያላት፣ እንዲያመኝ። የማደርገው አልነበረኝም። ከራሴ ልስጥህ ብለው ተነሥቶ ይሄዳል። ከራሴ ብሰጥም የአንድ ሰው ደመወዝ የምችል ሴት አይደለሁም። ሻይ አቀረብኩለት፤ ጠጥቶ ሄደ።

ልጅቷ ነሐሴ ላይ ሄደች። የአዲስ አበባ አውቶቡስ በጠዋት ስለሚነሣ ከዋዜማው መጥታ እኔ ጋ አደረች። ካፖርቱን አጥባ፣ አድርቃ፣ አጥፋ ይዛው መጣች።

"ሌላ ሰው ሲቀጠር ይለብሰዋል" አለችኝ።

"ማን ይቀጠራል?" አልኳት።

"እንጃ። ካፖርቱ ግን ጥሩ ጨርቅ ነው።"

መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ ሸኘኋት። አላለቀሰችም። እኔም እዚያ አላለቀስኩም፤ ተመልሼ የተኛችበትን አልጋ ሳነጥፍ ነው ያለቀስኩት። ካፖርቱን ከሪሴፕሽኑ በስተኋላ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

ያን መስቀል ከተማው ሰው አልቻለም። በእኔ ስምንት አልጋ ላይ አሥራ ሦስት ሰው አደረ። ሰብሳቢው አዳራሹ ውስጥ ፍራሽ አነጠፈ። ማንም የጨፌ ብር አልተጠየቀም፤ ሁሉም የራሳችን ልጆች ነበሩ። ከልጆቻችን ውስጥ ያልነበረችው አንዷ ናት።

ውሃው ሲሸሽ ወንድሜ በሬ ጠምዶ ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥም አለፈ፣ አልወረደም። ታምሞ ይሆን ብዬ ሄድኩ። ደህና ነበር። ጨፌው እንዳለ ነው፤ ባለሎቲዎቹ መጥተው ጭቃውን እየቆፈሩ ነበር። ለምን እንዳላረሰ ጠየቅሁት።

"ትልካለች" አለኝ። "ገንዘቡ ሲመጣ ከእሱ ጋር የሚመጣው ቃል አንድ ነው። 'ጨፌውን ካረስከው አልክም' ትለኛለች።"

ሪያድ ውስጥ ነው ያለችው፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ከደመወዟ ላይ አባቷ ከጨፌው ሊያገኝ ይችል የነበረውን አስባ ትልካለች።

"ሰው ልጁን ሸኝቶ ቤት ይሠራል" አለ ወንድሜ። "እኔ ልጄን ሸኝቼ ወፍ እቀልባለሁ።"

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ፤ ተማሪ አናዶኛል፣ እንግዳ አናዶኛል። እንደዚያን ቀን ግን ተናድጄ አላውቅም። በማን እንደተናደድኩ ሳላውቅ ወደ ሆሳዕና ተመለስኩ።

ጥር ላይ ሐኪሙ ተመለሰ። ሁለት ቀን ቦዮ ውሎ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። "ጨፌው አልታረሰም! ወፎቹም ከአምናው በርክተዋል! የጨፌ ብሩ ሠራ ማለት ነው" አለኝ። ልጅቷን ባለማየቱ ግን ገርሞታል፤ አባቷን ቢጠይቀው "ሥራ ላይ ናት" ብሎታል። እኔ መልስ ሳልሰጥ ለሰብሳቢው ደውሎ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ሰብሳቢውም ስብሰባ ጠራ።

እንደገና ያ አዳራሽ። ሐኪሙ በስልኩ ያነሣቸውን ወፎች እያዞረ አሳየ። ሰብሳቢው አንድ ከተማ ተባብሮ ምን መሥራት እንደሚችል ተናገረ፤ ጉልበቱ ተመታ፤ ተጨበጨበ። በዚህ መሐል ተነሣሁ። መምህር ሆኜ ስለኖርኩ ድምፄ ሲያስፈልግ ይወጣል።

"ጨፌውን ያቆየው የእናንተ አልጋ አይደለም" አልኩ። "የእኔም አይደለም። ጨፌውን ያቆየችው ሪያድ ውስጥ የሰው ወለል የምትወለውለው የወንድሜ ልጅ ናት። ጨፌው እንዳይታረስ ለአባቷ የምትከፍለው እሷ ናት። እኛ ለለቅሶ ደራሹ፣ ለሚዜው፣ ለነጋዴው ስናዝን፣ የሁሉንም ፋንታ እሷ ብቻዋን ከፈለችው።"

ሐኪሙ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

"እሷ ትክፈል ብለን እኮ አይደለም፣ ቲቸር" አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "እንዴት እሷን እናስከፍላለን? የገዛ ልጃችን!"

ይህን ከልቡ ነው ያለው። ወዲያው ተነሥቶ ከነገ ጀምሮ ሁሉም ሰው ይከፍላል፣ አለቀ አለ። ሁሉም ተስማማ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ "ለቅሶ ደራሽን ግን..." ሲል ሰማሁ፤ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ፣ በድሮው የጥቁር ሰሌዳ እጅ ጽሑፌ ትልቅ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። እዚህ ቤት የሚያድር ማንኛውም ሰው ለቦዮ ጨፌ የሁለት ሻይ ዋጋ ይከፍላል። ከካፖርቱ አጠገብ ለጠፍኩት።

በማግሥቱ የመጡት የመጀመሪያ እንግዳ ከሾኔ በኩል ለቀብር የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ካሉት ሰዎች ሁሉ እሳቸው መምጣታቸው አበሸቀኝ፤ ግን የጻፍኩትን ጽፌአለሁ። ነገርኳቸው።

"ለምንድን ነው የሚከፈለው?" አሉ።

"ለጨፌው ነው፣ አባባ። ጉማሬው፣ ወፉ እንዲኖርበት።"

ሽማግሌው ወረቀቱን፣ ከዚያ እኔን አዩ። "ሟቹ ያደገው እዚያ ዳር ነው" አሉ። "ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ጉማሬ አባርሮን ያውቃል። ይኸው ልጄ።" ከፈሉና ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ነገሩ ይኸው ነበር። ለቅሶ ደራሹን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኛው ነን በእሱ ፋንታ ያፈርነው።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። የሚያጉረመርም አለ፣ አጉረምርሞ ይከፍላል። "ጉማሬዎ እንዴት አደረ?" እያለ የሚያሾፍብኝ የበርበሬ ነጋዴ አለ። ከእኔ ቀጥሎ ሦስት ፔንሲዮኖች ወረቀት ለጥፈዋል፤ ሰብሳቢውም ከብዙ ክርክር በኋላ ባለፈው ወር ለጥፏል፤ የእሱ ወረቀት ባለ ቀለም ነው። የሚሰበሰበው ገና የአንድ ሰው ደመወዝ አልሆነም፤ እየቀረበ ግን ነው። ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። "ላሟ ወረደች?" ብሎ ሳቀብኝ፤ ከሳቀ ቆይቶ ነበር።

ልጅቷ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች፤ አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱበት ቀን ነው። ቀድማ የምትጠይቀው ስለ ወፎቹ ነው። መጡ ወይ? በየትኛው በኩል አረፉ? ዘንድሮ ውሃው ምን ያህል ሸሸ? የማላውቀውን ለሚቀጥለው ዓርብ ወንድሜን ጠይቄ እይዝላታለሁ። በቅርቡ ስለ ወረቀቱ ነገርኳት። ማን ማን እንደሚከፍል ዘረዘርኩላት፤ ለቅሶ ደራሹ፣ አስታማሚው፣ ለመስቀል የሚመጣው ልጅ ሁሉ። ረጅም ጊዜ ሳቀች።

"እኔ ስመጣስ አክስቴ፣ ታስከፍይኛለሽ?" አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልገባም አለኝ። እስክሪብቶዬን አነሣሁና ወረቀቱ ግርጌ ላይ ሦስት ቃል ጨመርኩ። ከአንድ ሰው በቀር።

ይህን ካነበቡ ወዲህ እንግዶቼ ሁሉ ይከራከሩኛል። "ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ አይደል?" ይላል የበርበሬ ነጋዴው፣ በመጣ ቁጥር። ለስልጠና የመጡትም እንደዚያው ይላሉ። ከሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ካፖርት አቧራውን እያራገፍኩ፣ አይደላችሁም፣ ገና አልመጣችም እላቸዋለሁ።